«ገበረ»፦ ከሥራ ወደ ግብር የተሻገረ ግስ፣ ለቃላት ትምህርትም ያለው ጥቅም

መግቢያ

በመማሪያ መጻሕፍትና በትምህርት ቤት መመሪያዎች ውስጥ «ተግባር»፣ «ምግባር»፣ «ግብረ ገብ»፣ «ግብረ መልስ»፣ «ግብርና»፣ «ገቢር» እና «ተገብሮ» የሚሉት ቃላት ደጋግመው ይገኛሉ። ተማሪው እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ካጠናቸው ሰባት የማይተዋወቁ ቃላት ይሆኑበታል። የመጡበትን ምንጭ ካወቀ ግን የአንድ ግስ ልጆች መሆናቸውን ይረዳል። ግሱም «ገበረ» ነው።

ዛሬ በንፋስ መውጫ ገበያም ሆነ በአካባቢው የገጠር ቀበሌዎች «ገበረ» የሚለው ቃል ሲነሣ የሰሚው ሐሳብ በቀጥታ የሚሄደው ለመንግሥት ወደሚከፈለው ግብር ነው። በጥንት ጊዜ ግን ይኸው ግስ «ሠራ፣ አደረገ» ማለት ነበር። ይህ ጥንታዊ ፍቺ በአማርኛ ከግሱ ጠፍቷል፤ ከግሱ በወጡት ስሞች ውስጥ ግን እስካሁን ይኖራል። በዚህም ምክንያት የገበሬው ልጅ ከቤቱ ይዞ የሚመጣው ፍቺ አንድ፣ በመጽሐፍ የሚያገኘው ፍቺ ሌላ ይሆናል። «ግብር» ማለት የሚከፈል ገንዘብ ነው ብሎ የሚያውቅ ሕፃን «ግብረ ሐዋርያት» የሚለውን የመጽሐፍ ስም ሲያነብ ሐዋርያት የከፈሉት ቀረጥ ሊመስለው ይችላል። ስሙ የሚናገረው ግን ሐዋርያት ስለ ሠሩት ሥራ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የግሱን አመጣጥ፣ ፍቺው የተለወጠበትን መንገድና ይህን ማወቅ ለመምህራንና ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች የሚሰጠውን ጥቅም በአጭሩ ማስረዳት ነው።

1. ግሱ በግዕዝ

በግዕዝ የግሱ መነሻ ቅርጽ «ገብረ» ነው። ፍቺው ሰፊ ሲሆን ሠራ፣ አደረገ፣ ፈጸመ፣ አበጀ የሚሉትን ሁሉ ያጠቃልላል። በግዕዙ ኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ ላይ ለሰማይና ለምድር መፈጠር የገባው ግስ ይኸው «ገብረ» ሲሆን፣ በአማርኛው ትርጉም ቦታውን «ፈጠረ» ይዞታል። ግሱ በድንጋይ ላይ ከተቀረጹት እጅግ ጥንታውያን የግዕዝ ጽሑፎች ውስጥም ይገኛል። በአሁኒቱ ኤርትራ፣ ከሰንዓፈ አጠገብ በመጠራ በሚገኘው ሐወልት ላይ ያለው ጽሑፍ ሐወልቱን ያሠራውን ሰው ሲገልጥ የተጠቀመበት ቃል «አግበረ» የሚለውን የአስደራጊ ቅርጽ ነው፤ «አሠራ» ማለት ነው።

ከዚህ ግስ ብዙ ስሞች ወጥተዋል። «ግብር» ሥራ፣ ድርጊት ነው። «ገባሪ» የሚሠራ ሰው ነው። በቅዳሴ ጊዜ አገልግሎቱን የሚመራው ካህን «ገባሬ ሠናይ» ይባላል፤ መልካም የሚሠራ ማለት ነው። «ገብር» ደግሞ አገልጋይ፣ ባሪያ ሲሆን «ገብረ መድኅን»፣ «ገብረ ማርያም»፣ «ገብረ ክርስቶስ» በሚሉት የሰው ስሞች ውስጥ ይገኛል። ከዐቢይ ጾም እሑዶች አንዱ የሚጠራበት «ገብር ኄር»ም ታማኝ አገልጋይ ማለት ነው።

ሥራንና አገልጋይን በአንድ ሥርወ ቃል መጥራት የግዕዝ ብቻ ጠባይ አይደለም። በዕብራይስጥ «ዐበድ» በሚለው ሥር ሥራም አገልጋይነትም ይገለጻል። ግዕዝ ይህን ድርብ ፍቺ የሰጠው «ገብረ» ለሚለው ሥር ነው። ከዚህም ሌላ በ«ተ» የሚጀምረው የግሱ ቅርጽ ምድርን ማረስና ማልማት የሚል ፍቺ አለው፤ አዳም በገነት እንዲሠራ መቀመጡን የሚናገረው የኦሪት ክፍል በግዕዝ የሚጠቀመው በዚህ ቅርጽ ነው። የምድር ሥራና ይህ ግስ የተዛመዱት «ገበሬ» የሚለው የአማርኛ ቃል ከመለመዱ ጀምሮ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በትግርኛ ግሱ ጥንታዊ ፍቺውን እንደያዘ ዛሬም በዕለት ተዕለት ንግግር ይሠራል። «ይገብር» በትግርኛ «ያደርጋል» ማለት ነው። በአማርኛ ግን የግሱን ሥፍራ «አደረገ» እና «ሠራ» ወስደውታል። «ሠራ» ራሱ በግዕዝ «ሠርዐ» ከሚለው የመጣ ሲሆን፣ የቀድሞ ፍቺው ደነገገ፣ አዘጋጀ፣ በተራ አኖረ የሚል ነበር፤ «ሥርዓት» የሚለው ቃል ይህን ፍቺ እንደያዘ ቀርቷል። አንዱ ግስ ሲለቅ ሌላው ከራሱ ቦታ ተነሥቶ ተተክቷል ማለት ነው።

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ ማሳየት ይቻላል። በግዕዝ «ገብረ ቤተ» ቢባል «ቤት ሠራ» ማለት ነው። በአማርኛ «ቤቱን ገበረ» ቢባል ግን ሰውየው ቤቱን አጣ፣ ለሌላ አሳልፎ ሰጠ ማለት ይሆናል። ቃሉ አንድ ሲሆን አንደኛው የሚያስገኝ፣ ሁለተኛው የሚያሳጣ ሆኗል።

2. ከሥራ ወደ ግብር

የቀድሞው ግዕዝ ሥራንና ቀረጥን በሁለት ቃል ይለያል። ሥራ «ግብር»፣ ቀረጥ «ጸባሕት» ይባላል፤ ቀረጥ ሰብሳቢውም «መጸብሓዊ» ነው። አማርኛ «ጸባሕት»ን ትቶ ለሁለቱም «ግብር»ን ወሰደ። በኋለኞቹ የነገሥታት ዜና መዋዕሎችም «ግብር» የሚለው ቃል ለንጉሥ የሚገባውን ሀብት ለመግለጽ ይገኛል።

ይህ ለውጥ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ሥራ በጌታና በአገልጋይ መካከል ሲሆን የሚገባ ሥራ፣ ማለትም ግዴታ ይሆናል። ግዴታው በጉልበት ሊፈጸም ይችላል፤ ወይም የጉልበቱ ፍሬ በሆነው በእህል፣ በማር፣ በከብት፣ በሸማ፣ በአሞሌ ጨው ሊከፈል ይችላል። በዚህ መንገድ መጀመሪያ የሥራው ስም የነበረው ቃል ቀስ በቀስ የሥራው ፍሬ ስም፣ በመጨረሻም ከፍሬው ላይ ለባለ ሥልጣን የሚሰጠው ድርሻ ስም ሆነ። ግሱም ተከትሎ «ሠራ» ከማለት «የሚገባውን ሰጠ» ወደ ማለት ተሻገረ። «አስገበረ» ሲባል ደግሞ አንድን አገር ድል ነሥቶ ግብር ከፋይ ማድረግን ያመለክታል።

ቃሉ በዚህም አላቆመም። ከየአገሩ ለቤተ መንግሥት የገባው ግብር መልሶ ለመኳንንቱ፣ ለካህናቱና ለወታደሩ በአዳራሽ ይበላ ስለ ነበር የግብዣው ስምም «ግብር» ተባለ። «ግብር አበላ»፣ «ግብር ገባ» የሚሉት አነጋገሮች ከዚህ የመጡ ናቸው። አንዱ ቃል ከማሳው ሥራ ተነሥቶ፣ በጎተራው ድርሻ አልፎ፣ ከንጉሡ ማዕድ ደረሰ።

ተመሳሳይ ጉዞ በሌሎች ቋንቋዎችም ታይቷል። የእንግሊዝኛ መምህራን እንደሚያውቁት «ታስክ» ማለት የተሰጠ ሥራ፣ «ታክስ» ማለት ቀረጥ ነው። ሁለቱ ቃላት ከአንድ የላቲን ምንጭ የወጡ ናቸው። «ፋርም» የሚለው የእርሻ ስምም መጀመሪያ እርሻን ሳይሆን የተቈረጠ ክፍያን የሚያመለክት ነበር፤ «ፋርመር» ዛሬ ገበሬ ይሁን እንጂ ቀድሞ የቀረጥ ገቢን በውል ተቀብሎ የሚሰበስብ ሰው ይባልበት ነበር። እንግዲህ ሥራ፣ መሬትና ክፍያ በአንድ ቃል ዙሪያ መሰብሰባቸው መሬት የኑሮ መሠረት በሆነባቸው አገሮች የተለመደ ነገር ነው።

3. ገባርና ገበሬ

«ገባር» የሚለው ቃል ከግሱ ወጥቶ ከፍተኛ የታሪክ ሸክም የተሸከመ ስም ነው። ሸክሙም በየአገሩ አንድ ዓይነት አልነበረም። ጋይንት በነበረበት በበጌምድር ገበሬው መሬቱን በትውልድ ሐረግ በርስትነት ይይዝ ነበር፤ በርስቱ ላይ ግን ባለ ጉልት ተሹሞ ግብር ይቀበለው ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በንጉሠ ነገሥቱ ሥር በገቡት የደቡብ አገሮች ደግሞ ገባሮች ለነፍጠኛው በቤተሰብ ቍጥር ይደለደሉ ስለ ነበር ቃሉ በዚያ ከዚህ የከበደ ትዝታ አለው። ስለዚህ የታሪክ መምህር «ገባር» የሚለውን ቃል ሲያስተምር የትኛውን አገርና የትኛውን ዘመን እንደሚናገር ለይቶ ማስረዳት ይገባዋል።

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም የወጡት የመሬት ግብር ዐዋጆች ልዩ ልዩ የዓይነትና የጉልበት ግዴታዎችን በገንዘብ በሚከፈል ግብር ለመተካት የታሰቡ ነበሩ። በበጌምድር፣ በጎጃምና በትግራይ ግን ግብሩ በጋሻ ልኬት ሳይሆን በቀድሞው የግብር ልማድ ላይ ተመሥርቶ ቀጠለ። በ1940 ዓ.ም የትምህርት ግብር በዐዋጅ ተደነገገ። ይህ ድንጋጌ ለመምህራን ልዩ ትርጉም አለው፤ በዚያ ዘመን ትምህርት ቤቶች ከቆሙባቸው የገንዘብ ምንጮች አንዱ ከመሬት ላይ የተሰበሰበ ግብር ስለ ነበር ነው። በ1958 ዓ.ም የጉልት መብት በሕግ ተሻረ። በ1960 ዓ.ም የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ በጎጃም ከፍተኛ ዐመፅ ተነሣ። በመጨረሻም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ የባለ መሬትንና የገባርን ግንኙነት አፈረሰ። «ገባር» የነበረው ሰውም «የገበሬ ማኅበር» አባል ተባለ።

«ገበሬ» የሚለው ቃል ራሱ ከየትኛው ፍቺ ወጣ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ግብር ከፋይ ከሚለው ሊወሰድ ይችላል፤ ምድርን የሚሠራ ከሚለውም ሊወሰድ ይችላል። ሁለቱም መንገዶች የሚመለሱት ወደ አንድ ሥር ነው። ልዩነቱ ግን ለትምህርት ቀላል አይደለም። በከተማ ንግግር «ገበሬ» ያልሠለጠነ ሰውን ለማቃለል የሚወረወር ቃል ሆኖ ይሰማል። ከገጠር ወደ ንፋስ መውጫ ለትምህርት የሚመጣ ልጅ የአባቱን መጠሪያ እንደ ስድብ ሲሰማ ያድራል። የቃሉ ጥንታዊ ሥር «ሠራ» መሆኑን፣ ይኸው ግስም በግዕዙ መጽሐፍ ለዓለም መፈጠር የተነገረ መሆኑን መምህሩ ቢያስረዳ፣ ትምህርቱ የቋንቋ ትምህርት ብቻ አይሆንም፤ ልጁ የወላጆቹን ሥራ በክብር እንዲያይ ይረዳዋል።

4. የግሱ ቤተሰብ በዛሬው አማርኛ

ግሱ ጥንታዊ ፍቺውን ቢያጣም የሚከተሉት ቃላት ያንኑ ፍቺ ይዘው ይገኛሉ።

(ሀ) ጠባይንና ድርጊትን የሚገልጹ፦ «ምግባር»፣ «ሥነ ምግባር»፣ «ግብረ ገብ»፣ «ግብረ አበር»። «ግብረ ገብ» በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የትምህርት ዓይነት ስም ነበር፤ ከ1966 ዓ.ም አብዮት በኋላ ከትምህርት ዝርዝር ወጣ። ኋላም «ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር» የሚል ትምህርት ተሰጠ። በቅርቡ በተዘጋጀው ሥርዓተ ትምህርት «ግብረ ገብ» የሚለው ስም ወደ አንደኛ ደረጃ ተመልሷል። ስሙ ቢለዋወጥም «ገበረ» ከሁለቱም ውስጥ አልወጣም። በአባቶች ንግግር «የግብር ልጅ» ሲባልም በሥጋ ሳይሆን በሥራው የሚመስል ማለት እንጂ ግብር የሚከፍል ማለት አይደለም።

(ለ) ሥራንና ሙያን የሚገልጹ፦ «ተግባር»፣ «ተግባረ ዕድ»፣ «ግብርና»፣ «ግብረ ኃይል»። «ተግባረ ዕድ» በቃል በቃሉ የእጅ ሥራ ነው፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው የሙያ ትምህርት ቤት በዚህ ስም ይታወቃል።

(ሐ) የሰዋስውና የጥበብ ቃላት፦ «ገቢር» እና «ተገብሮ» አድራጊውንና ተደራጊውን የሚለዩ የግስ ቅርጾች መጠሪያ ናቸው። «ገቢር» የተውኔት ክፍል ስምም ነው። በመድረክ የሚደረግ ድርጊት እንደ መሆኑ ስሙ ከሥሩ ጋር ይስማማል።

(መ) የጽሕፈት ቤት ቃላት፦ «ትግበራ»፣ «መተግበር»፣ «አተገባበር»። እነዚህ «ተግባር» ከሚለው ስም ተመልሰው የወጡ የቅርብ ጊዜ ቃላት ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ግሱ «ሠራ» የሚለውን ፍቺ ከብዙ ዘመን በፊት ትቶ ነበር፤ አሁን በዕቅድና በሪፖርት በኩል «ተገበረ» ሆኖ ከሥራ ጋር ወደ ተያያዘ ፍቺ ተመለሰ። «ዕቅዱ ተተገበረ» ሲባል ሥራ ላይ ዋለ ማለት እንጂ ተከፈለ ማለት አይደለም።

(ሠ) ክፍያን የሚገልጹ፦ «ግብር»፣ «ገባር»፣ «አስገባሪ»። «ሕይወቱን ገበረ» የሚለው አነጋገርም ከዚህ የወጣ ሲሆን መሥዋዕትነትን ያመለክታል።

በሁለቱ ፍቺዎች መካከል የቆመ አንድ አነጋገር ደግሞ አለ፤ «ለግብር ይውጣ» የሚለው ነው። ፍሬው ሳይታሰብ፣ ቅርጹ እንዲሟላ ብቻ የተሠራ ሥራ ለግብር ይውጣ ተሠራ ይባላል። ለሌላ የሚሰጥ በመሆኑ የሠሪው ልብ ያልገባበት ሥራ ማለት ነው። በዚህ አነጋገር ውስጥ የግሱ ታሪክ በሙሉ ተጠቃሏል፤ ሥራ ግዴታ ብቻ ሲሆን ምን እንደሚመስል ሕዝቡ በሁለት ቃል አስቀምጦታል።

5. በክፍል ውስጥ አጠቃቀሙ

በሥርወ ቃል ማስተማር በየትም ቦታ ሊጀመር ይችላል። የንፋስ መውጫ ተማሪዎች ግን የመጀመሪያውን ምሳሌ ከከተማቸው ስም ያገኙታል። «መውጫ» የሚለው ቃል ከ«ወጣ» የወጣ የቦታ ስም ነው፤ «ጣ» ወደ «ጫ» የተለወጠው በአማርኛ የድምፅ ሕግ ነው። «ወጣ» በግዕዝ «ወፅአ» ሲሆን፣ የኦሪት ሁለተኛው መጽሐፍ «ዘፀአት» የሚባለው ከዚሁ ነው። የሚያውቀውን ስም በዚህ ዓይነት የፈታ ተማሪ «ገበረ»ን ለመፍታት አይቸገርም።

ቀጥሎ መምህሩ ሦስቱን ሥርወ ፊደላት፣ ገ፣ በ፣ ረን በሰሌዳው ላይ ጽፎ ተማሪዎች የሚያውቋቸውን ቃላት እንዲሰበስቡ ማድረግ ይችላል። የተሰበሰቡትን ቃላት «ሥራ» እና «ክፍያ» በሚሉ ሁለት ረድፎች መለየት የትምህርቱ ዋና ክፍል ነው። እዚህ ላይ ሦስት ስሕተቶችን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ የመጨረሻውን ፊደል አለማስተዋል ነው። «ገቢ»፣ «ግብዓት» እና «ጉባኤ» ከግዕዙ «ገብአ»፣ ማለትም ከአማርኛው «ገባ» የወጡ ናቸው፤ «ረ» የላቸውም። በአማራ ክልል የገጠር ግብር ሕግ ውስጥ የሚገኘው «የግብርና ሥራ ገቢ ግብር» የሚለው አጠራር ለዚህ ጥሩ መልመጃ ነው። በውስጡ «ግብርና» እና «ግብር» የአንድ ሥር ልጆች ሲሆኑ፣ «ገቢ» የሌላ ሥር ነው። እንደዚሁም «ግብዣ» ከ«ጋበዘ» የወጣ ነው እንጂ ከግብር አዳራሽ ጋር የቃል ዝምድና የለውም።

ሁለተኛ፣ የፊደል መመሳሰልን ብቻ ማመን ነው። የኮት «ገበር» በፊደል ይመሳሰላል፤ በፍቺ ግን ከሥራም ከክፍያም ጋር አይገናኝም። «ገበርዲን» ደግሞ ከውጭ የመጣ የጨርቅ ስም ነው። ዝምድና የሚታወቀው ፊደልና ፍቺ ሲስማሙ ነው።

ሦስተኛ፣ ጥንታዊውን ፍቺ እንደ ትክክለኛው፣ ያሁኑን እንደ ስሕተት ማስተማር ነው። «ገበረ» ዛሬ ግብር ከፈለ ማለት ነው፤ ይህ የሕዝቡ አነጋገር ስለ ሆነ ትክክል ነው። ሥርወ ቃል የቃላትን ዝምድና ያስረዳል እንጂ ሕያው አነጋገርን አይሽርም።

በጋይንት ለዚህ ትምህርት የተመቸ ሌላ ሀብት አለ። የድጓ ምስክር የሆነው ቤተልሔምና የዝማሬና መዋሥዕት ምስክር የሆነው ዙር አምባ የሚገኙት በዚሁ አገር ነው። በአብነት ትምህርት ያለፉ ተማሪዎችና መምህራን በየትምህርት ቤቱ ሊኖሩ ይችላሉ። እነርሱ የግዕዙን «ገብረ» በቃላቸው ያውቁታል። የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ዕውቀት በአንድ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ቢገናኝ ሁለቱም ይጠቀማሉ። በክፍሉ ትግርኛ የሚናገር ልጅ ካለም ቋንቋው ጥንታዊውን ፍቺ እንደጠበቀ ለጓደኞቹ ሊያስረዳ ይችላል።

ለመጽሐፍ አዘጋጆችም አንድ ሐሳብ ማቅረብ ይቻላል። አዲስ ቃል በመጀመሪያ ሲገባ ከፍቺው ጎን ሥሩንና ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀውን አንድ ዘመዱን ማመልከት ብዙ ቦታ አይወስድም። «ግብረ መልስ» በሚለው ቃል አጠገብ «ግብር፦ ሥራ፤ ከተግባር ጋር አንድ ሥር» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር፣ ተማሪው ቃሉን ብቻ ሳይሆን የሚመጡትን ቃላት መክፈቻም ያገኛል።

መደምደሚያ

«ገበረ» ከሥራ ተነሥቶ ወደ ግዴታ፣ ከግዴታ ወደ ክፍያ፣ ከክፍያም ወደ ማዕድ የተሻገረ ግስ ነው። የጉዞው ምክንያት ሥራውና የሥራው ፍሬ በተለያዩ እጆች መግባታቸው ነው። የገባርነት ሥርዓት በ1967 ዓ.ም በሕግ ቢቆምም አሻራው በቃሉ ውስጥ ቀርቷል፤ ጥንታዊው ፍቺም በ«ተግባር»፣ በ«ምግባር» እና በ«ግብርና» ውስጥ ሳይጠፋ ቈይቷል።

የቃላት ትምህርት ፍቺን በቃል አስይዞ በፈተና መቀበል ብቻ ከሆነ ራሱ ለግብር ይውጣ የሚደረግ ይሆናል። ተማሪው የቃሉን ሥር አግኝቶ የማያውቀውን ቃል በራሱ መፍታት ሲችል ግን ትምህርቱ በቀድሞው የግሱ ፍቺ ተግባር ሆነ ማለት ነው።